እትዬ ትርንጎ የሰጡት ደም

ባለፈው ሳምንት ኩፓት ኾሊም፣ የጤና መድን ክሊኒካችን፣ ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። እዚህ እስራኤል አገር ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ በየዓመቱ ለምርመራ ይጠራል፣ ከቀረ ማስታወሻ ይላክበታል። ደሜን የቀዳችው ነርስ የኛው ልጅ ነበረች፣ እዚሁ አሽቀሎን የተወለደች። በአማርኛ እንደምን አደርሽ ብላት በዕብራይስጥ መለሰችልኝ። ለምጄዋለሁ፤ የራሴም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ጥጡን ክንዴ ላይ እየለጠፈች፣ «ካልደወልንልህ ሁሉም ነገር ደህና ነው ማለት ነው» አለችኝ።

እንደ ጨዋ ሰው አመስግኜ ወጣሁ። ማሪናው፣ የጀልባ ማቆሚያው፣ ዳር ተቀምጬ ናና ያለበት ሻይ አዘዝሁ፤ ሻዩ ግን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ያችን የነርሷን ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ተርጉሜያት ነበር። አንድም ቃል አላጎደልሁም። አንድ ትርጉም ቃል ሳይጎድለው ሰው ሊጎዳ እንደሚችል የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ከገቡ ብዙም አልቆዩም ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ በልጅነቴ በሱዳን በኩል መጥቼ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ከሠራዊቱ ገና የተሰናበትሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው የመጡት ወገኖቻችን ከከተማው ዳር፣ አሸዋው ላይ በተደረደሩ ካራቫኖች ሰፍረዋል። ክረምት ሲሆን ጣሪያው ላይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ካራቫን ማለት ሰው የሚጋገርበት ቆርቆሮ ነው። ሥራዬ መጋሸርነት ነበር። መጋሸር በእነርሱና በቢሮዎቹ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም፣ የሚያስረዳ፣ ድልድይ የሚሆን ሰው ነው። ድልድይን ደግሞ ሁሉም ይራመድበታል እንጂ ማንም አያማክረውም።

ዶክተር ኢላን ወደ ካራቫኑ ሰፈር የመጣው ብርቱካኑ መብሰል በጀመረበት ወራት፣ የስግድ በዓላችን ሊደርስ ሲል ነው። ረጅም፣ ጎባጣ፣ የሸሚዙ ኪስ በቀለም የጠቆረ፣ በብርድም ጊዜ ሰንደል ጫማ የማያወልቅ ሰው ነበር። የካንሰር ተመራማሪ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ወደድሁት። ከዚያ ቀን በፊት ነጭ ሰው «ንገራቸው» ይለኛል እንጂ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብሎኝ አያውቅም። ኢላን ጠየቀኝ። በመጣ ቁጥር መጽሐፍ ያመጣልኛል፣ ያለፈውን እንዴት እንዳየሁት ይጠይቀኛል፣ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለችው መደብ ቆመን በፒታ የተጠቀለለ የተጠበሰ ባድንጃን ከእንቁላል ጋር እንበላለን፤ ሳቢኽ ይሉታል። ዘይቱ በክንዳችን እየወረደ ስለ ነፍስ እንከራከር ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስገባኝም ቃል ገብቶልኛል።

«ካንሰር ድምፅ የሌለው ተከራይ ነው» አለኝ አንድ ቀን አፉን እየጠረገ። «ቤቱን እስኪያፈርስ ድረስ መኖሩን አታውቅም። ግን ምንም ያህል ዝም ቢል የሆነ ነገር ጥሎ ያልፋል። እኔ ያንን በደም ውስጥ እፈልጋለሁ። ያበጠ ነገር ሳይኖር፣ ሕመም ሳይኖር፣ ከአንዲት ጠብታ ደም ብናውቀው አስብ!»

አሰብሁ። ዛሬም አስባለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የሰው ልጅ ሐሳብ ብዙ አላውቅም።

ለምን እኛን እንደመረጠም ነገረኝ። እናንተ፣ አለኝ፣ ከአንድ ኑሮ ወደ ሌላ ኑሮ በአንድ ቀን የተሻገራችሁ ሰዎች ናችሁ። ምግባችሁ፣ ውኃችሁ፣ አየራችሁ ተለወጠ፤ በሽታችሁም መለወጡ አይቀርም። ለውጡን ከመነሻው ማየት እፈልጋለሁ። በተለይ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን ፈለገ፤ የጡት ካንሰር ላይ ነበር ትኩረቱ። እኔም ስለ ሰዎቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«የሆነ ነገር ብታገኙ ትነግሯቸዋላችሁ?»

«ምን ጥያቄ ነው?» አለኝ፣ ቅር ያለው መስሎ። «እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቅ ሰው አለ?»

በዚህ መልስ ታጥቄ ሕዝቡን ሰበሰብሁ። መሰብሰቢያው የካራቫኑ ሰፈር አዳራሽ ነበር፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ ጥግ ላይ ለሽርሽር የሚያዝ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን። ያ ሳጥን የደሙ ማስቀመጫ ነው። ኢላን በዕብራይስጥ የጻፈልኝን አንድ ገጽ እያየሁ አስረዳሁ። ስጨርስ ጋሼ ወርቁ ተነሡ። በአገራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ የአውቶቡስ ቁጥር ማንበብ የማይችሉ ሰው ተደርገው ይታዩ ነበር። ቁጣቸውን የምረዳው አሁን ነው።

«ኦሪት ደም ነፍስ ናት ይላል» አሉ። «ነፍሳችንን ቀድታችሁ በዚያ ሰማያዊ ሣጥን የት ልታደርሷት ነው?»

ሰዉ አጉረመረመ። ኢላን ምን አሉ ብሎ ክንዴን ነካኝ። በዚህ መካከል የጋሼ ወርቁ ሚስት እትዬ ትርንጎ ከሴቶቹ ረድፍ ሆነው ጠሩኝ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን፣ ምላሳቸው ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቅና የሚያስፈራ ሴት።

«ና እስቲ አንተ ባለ ሁለት ምላስ» አሉኝ። «ምላስህስ ሁለት ሆነ፤ ልብህ ስንት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ልቤ አንድ ነው፣ እትዬ።»

«ደሜ ውስጥ ክፉ ነገር ቢያገኙ መልሱ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው ማል።»

«እናቴ ትሙት፣ ይመጣል!»

እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስምዋን ለመሐላ በማውጣቴ በዓይኗ ገረፈችኝ። እትዬ ትርንጎ ግን ሌላ አልጠበቁም። «የእናቱን ሞት በሐሰት የሚጠራ ልጅ አላሳደገችም» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻ መለሱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ረጅሙ፣ ና ቅዳ!» አሉት ዶክተሩን። እርሳቸውን አይተው ሌሎቹም ሴቶች ተሰለፉ። ጋሼ ወርቁ ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

ሁሉም አልቆ፣ ወንበር እየተነባበረ፣ ኢላን አንድ እጅ ሙሉ ወረቀት ሰጠኝ። «አስተርጓሚው መፈረም አለበት፤ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ።» ፈረምሁ። የጣሪያው ጠብታ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር፤ እርሱም መንገድ ሳይጨልም ለመመለስ ይቸኩል ነበር።

ክረምቱ ገባ። ባሕሩ ጠቆረ፣ ከካራቫን ወደ ካራቫን የምንሻገረው በጣውላ ላይ ሆነ። የእነ እትዬ ትርንጎ ቤተሰብ ዕጣ ወጣለትና ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለት ክፍል ቤት አገኘ። ለማስገባት ሄጄ ዕቃ ስሸከም፣ እትዬ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«የደሜ ነገር ምን አሉ?»

ለኢላን ደወልሁ። ሥራ ይዞት ነበር። «ንገራቸው» አለኝ፤ «ካልደወልን ደህና ናቸው ማለት ነው።» ይኸው ዓረፍተ ነገሯ። ቃል በቃል አደረስሁ፦ «አልደወሉም፣ እትዬ። ካልደወሉ ደህና ነዎት ማለት ነው።»

አንድ አፍታ ትክ ብለው አዩኝ። «ይሁን» አሉ።

ከወር በኋላ እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ደወልሁ፤ ኢላን ስልኩን አላነሣም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ አፈርሁ። እናቴን ምዬ መልስ የሌለው ሰው ሆንሁ። ከዚያ ወዲያ ግቫት ጺዮን ስሄድ መንገድ እቀይር ጀመር፤ ድንገት ከተገናኘን ዓይኔን እያሸሸሁ እንደ ማር እጣፍጣለሁ። «ዛሬማ እንዴት አምሮብዎታል!» እላለሁ። ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ አንድ ቀን ከገበያ አንድ ከረጢት ክሌመንቲና መንደሪን ገዝቼ ቤታቸው ሄድሁ። ከረጢቱን ተቀብለው አየት አደረጉትና ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አላመሰገኑኝም። ያ ዝምታ ለምን እንዳልከነከነኝ እንጃ።

ከፔሳኽ፣ ከፋሲካችን፣ በኋላ ሐምሲን መጣ፤ ከበረሃው የሚነሣው ትኩስ ነፋስ ሰማዩን ቢጫ አድርጎት ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ቀን ነው ልጃቸው አልማዝ የጠራችኝ። አልማዝ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። «እማዬ ልብሷን ለሰው እያከፋፈለች ነው፤ አንተን ጥሪልኝ ብላለች» አለችኝ።

እትዬ ትርንጎ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አልማዝን ውኃ አምጪ ብለው አስወጧት።

«በቃ እንግዲህ» አሉኝ። «አንተም ደክመሃል፣ እኔም ደክሜያለሁ። ስንት ወር ቀርቶኛል?»

«የምን ወር፣ እትዬ?»

«ተው! ልጄ የለችም፣ ወጥታለች። ንገረኝ፤ ለአልማዝ ነገር ላስተካክልላት።»

ላለመናገር የምሸሽ መሰልኋቸው። እጄን ያዙና በቀሚሳቸው ላይ ከብብታቸው በታች አስነኩኝ። እንደ ኮክ ፍሬ የጠነከረ ነገር አለ። እጄን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰብሁት።

«ያኔም ነበረ» አሉ። «ትንሽ ነበረች፣ እንደ ሽምብራ። ለዚያ አይደል ደሜን የሰጠሁት? ለወንድ ሐኪም ጡቴን ከማሳይ ደሜ ይናገርልኝ ብዬ።»

የሆነውን ለመረዳት የኛን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በአገር ቤት ሞት ያለበት ሕመም ለታማሚው አይነገርም። ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድ ፊቱን አስተካክሎ ይገባል፣ አምሮብዎታል ይላል፣ ፍሬ ይዞ ይመጣል፣ ዓይን ለዓይን ግን አይገጥምም። ታማሚውም ይህን ሁሉ እያየ የራሱን መጨረሻ ያነባል፣ ማንበቡንም አይናገርም። ጨዋነት ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ እነዚያን ወራት ሁሉ እኔ ምን ስሠራ ከረምሁ? ዓይኔን አሸሸሁ፣ አጣፈጥሁ፣ ፍሬ ይዤ ሄድሁ። ሥርዓቱ የሚያዝዘውን አንድ በአንድ ፈጸምሁ። እትዬ ትርንጎ መልሱ እኔ ዘንድ እንደደረሰ፣ ክፉ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ከእኔ ፊት አነበቡ። ካለቀለት ነገር ጋር ሐኪም ቤት መንከራተት ምን ያደርጋል ብለው ዝም አሉ። ነርሷ ዝምታ ደህና ነው ትላለች፤ በእኛ ዘንድ ዝምታ ገና ያልተረዱት መርዶ ነው።

በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ቀዶ ሐኪሙ አይቶ፣ ዳብሶ፣ ፎቶ አስነሥቶ ራሱን ነቀነቀ። ከጡቱ አልፎ ሄዷል። ከስድስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ ነገሩ ሌላ እንደነበር ነገረኝ። ያንን አልተረጎምሁትም።

በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ይዤ ኢላን የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ሄድሁ። ደስ ብሎት ተቀበለኝ፣ ሻይ በብርጭቆ ሰጠኝ፣ የመጨረሻውን መጽሐፍ ጨረስህ ወይ አለኝ። የሴቶቹ ደም የት ነው አልሁት። እጄን ይዞ ወደ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ወሰደኝና ከፈተው። ነጭ ብርድ ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ቱቦዎቹ በተርታ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም።

«ተመረመረ?»

«ገና ነው።»

«መቼ ይመረመራል?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ምናልባት ከአሥር» አለ። «መጀመሪያ ማን እንደታመመ ማወቅ አለብን። ከዚያ ወደኋላ ተመልሰን ጤነኛ በነበሩበት ጊዜ ደማቸው ምን ይል እንደነበር እናያለን። ምልክቱን ለማግኘት ሌላ መንገድ የለም።»

«እስኪታመሙ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው።»

«እኛ ባንጠብቅም የሚታመም ይታመማል።»

«ብታገኙ ትነግሯቸዋላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። ያልሁት ውሸት አይደለም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የማውቀው ነገር ቢኖረኝ እነግራቸው ነበር። የማውቀው ነገር የለም። ገና ባላመንሁበት ቱቦ ተነሥቼ አንዲትን ሴት ካንሰር አለብሽ ልበላት?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንደዚህ አላልኸኝም?»

«እንደዚህ ብልህ አንተ አትምልላቸውም ነበር። አንተ ካልማልህ አንድ ክንድ አይዘረጋም።»

ወረቀቱን አወጣልኝ። ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ደሙ በቁጥር ብቻ እንደሚቀመጥና ውጤት ለማንም እንደማይነገር ይላል፤ ከግርጌው የእኔ ፊርማ አለ። ከዚያ ሰው የተዋስኋቸውን መጻሕፍት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። ያላነበብሁት ያንን አንድ ገጽ ነው።

ስለ እትዬ ትርንጎ ነገርሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑ ቀላ፤ ሐዘኑ የእውነት ነበር፣ አልክድም። ከዚያ ደብተሩን ሳበና፣ «ስሟን ከነአባቷ ትነግረኛለህ? ከቁጥሯ ጋር ላገናኘው» አለኝ።

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ በራሴ መንገድ፣ ዘግይቼ ገባሁ።

እትዬ ትርንጎ ሁለተኛውን ክረምት አላዩም። ለቅሶው ላይ ጋሼ ወርቁ ከጎናቸው አስቀመጡኝ እንጂ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ታሪክ በየስብሰባው ተናግሬዋለሁ። ወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት መደምደሚያ ነው፦ ነጮቹ እንደ ቤተ ሙከራ ጥንቸል ሞከሩብን። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አሳዝናቸዋለሁ። ምርምሩ ጥሩ ምርምር ነበር። ደም አስቀምጦ መጠበቅ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ምናልባት የእትዬ ትርንጎ ቱቦ አንድ ነገር አስተምሮ ይሆናል፣ ምናልባት ባለፈው ሳምንት የሰጠሁት ደም የሚነበበው በዚያ ትምህርት ይሆናል። ሳይንስ አልከዳኝም። የከዳኝ አብሮኝ ቆሞ ሳቢኽ የበላ ሰው ነው። ቅኝቴን አውቆ፣ የምወደውን አውቆ፣ ማመኔን ራሱን መሣሪያ አደረገው። ከዓመታት በኋላ ያሳተመውን ጽሑፍ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁት። ለሴቶቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማብራሪያ እንደተሰጣቸው የሚገልጽ አንድ መስመር ነበረው። ያ መስመር እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በዚያ መስመር ስናደድ ኖሬያለሁ፤ በንዴቱም ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ጽፌበታለሁ።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መድረክ ተናግሬ አላውቅም። የቀዶ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሆነ ነው።

«ይህን ያህል ጊዜ ለምን ቆየች?» ሲል ጠየቀ። ይህን ተረጎምሁ።

እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ የት ቆየሁ? ደሜን በጊዜ ሰጥቻለሁ። መልሱ አንተ ዘንድ ነበረ፤ ጨዋ ስለሆንህ ደበቅኸኝ፣ አልፈርድብህም። እንደዚሁ ብለህ ንገረው።»

መልስ መጥቶልኝ እንደማያውቅ አላመኑኝም ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁንም ሊያጽናናኝ ነው ብለው ፈገግ አሉ። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

«ምን አለች?»

«ፈርታ ነው» አልሁ።

ራሱን ነቀነቀ፣ ሁላቸውም እንደዚያ ናቸው እንደማለት፣ መዝገቡም ላይ ጻፈው።

አልማዝ ዛሬ ራሷ የልጅ ልጅ ልታይ የደረሰች ሴት ናት፤ እዚሁ ከተማ ነው የምትኖረው። የእናቷን የሆስፒታል መዝገብ ግልባጭ አስወጥታ እንዳነበበች የነገረችኝ አምና፣ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ተገናኝተን ነው። «እማዬ ፈሪ ነበረች እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እንደዚያ አላውቃትም።» አውቶቡሴ መጣ ብያት ሄድሁ። አልመጣም ነበር።

ኢላን በእኔ ስም የጻፈው አንድ መስመር አለ፤ እኔም በእትዬ ትርንጎ ስም ያስጻፍሁት አንድ መስመር አለ። የእርሱን ሰው ሁሉ አንብቦታል። የእኔን ያነበበችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ እርሷም ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ታነባለች። አልማዝ፣ እናትሽ አልፈሩም። አምነውኝ ነበር።